ሰባት ጠጠር ስጪኝ

ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ጉዳዩ፦ የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የዝግጅት ክፍል) ልጆች ቁጥር የሚማሩበትንና የሚመዘኑበትን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ወሎ ውስጥ፣ በሐይቅ አካባቢ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ገና ደብተር ሳላስከፍት የማደርጋት አንዲት ነገር አለች። ከግቢው የለቀምኩትን ጠጠር ጠረጴዛዬ ላይ እዘረግፍና ልጆቹን በየተራ እየጠራሁ «ሰባት ስጪኝ»፣ «ሰባት ስጠኝ» እላለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዘንድሮ አንዲት ልጅ መጣች። ኦ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ተምራለች። እናቷ ስታስመዘግባት «እስከ መቶ ትቆጥራለች» ብላ በኩራት ነግራኛለች። እውነቷን ነው። ልጅቱ እንደ መንዙማ እየተወዛወዘች፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ መቶ ደረሰች። ሰባት ጠጠር ስጪኝ ስላት ግን በሁለት እጇ አፍሳ ዘረገፈችልኝ። «ስንት ነው?» አልኳት። አንዱን ሁለቴ እየነካች፣ ሌላውን እየዘለለች፣ ጣቷ ከአፏ ጋር ሳይገናኝ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመች። «እሺ፣ ስንት ሆነ?» ብላት እንደገና «አንድ፣ ሁለት...» ብላ ጀመረች። «ስንት» የሚለው ጥያቄ ለሷ «ዝፈኚ» ማለት ነበር።

ከሷ ቀጥሎ የመጣው ልጅ የኦ ክፍልን ደጃፍ አልረገጠም። ፍየል ሲጠብቅ ነው ያደገው። እስከ ሃያ ይደርስና ከዚያ ወዲያ ይጠፋበታል። ሰባት ስጠኝ ስለው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት አድርጎ ሦስቴ ገፋልኝና አንዷን ለብቻዋ ጨመረ። አልቆጠረም፤ አየ። ማታ ፍየሎቹ በረት ሲገቡ አንዷ ብትጎድል በዓይኑ የሚያውቅ ልጅ ነው። መዝገቡ ላይ ግን «ቅድመ ትምህርት የሌለው» ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው።

ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ልጅ ቆጠረ ለማለት አምስት ነገር ያስፈልጋል ብለዋል። ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ብቻ መስጠት፤ ስሞቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መጥራት፤ መጨረሻ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን ማወቅ፤ ማንኛውም ነገር እንደሚቆጠር መረዳት፤ ከቀኝም ከግራም ቢጀመር ድምሩ ያው መሆኑን መረዳት። የእኛ ዜማ ከአምስቱ የሚያስተምረው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ጥፋቱ የኦ ክፍል መምህርቶች አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንግዳ የኛን ኦ ክፍል ሊጎበኙ መጥተው ነበር፤ ከየት እንደመጡ ይቅር። «እስከ ስንት ትቆጥራላችሁ?» አሉ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ መቶ ሲደርሱ አጨበጨቡ፣ መዝገባቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፣ ሄዱ። መምህርቷ ያን ሰሞን ልጆቹን መሬት ላይ አስቀምጣ በቆርኪ ታጫውታቸው ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ቆርኪውን በፌስታል ቋጥራ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለችው። ምን ታድርግ? የተጨበጨበው ለዜማው ነው።

እና የምጠይቃችሁ ይህችኑ ነው። ሱፐርቫይዘሮች ኦ ክፍል ሲገቡ በሚይዙት ቅጽ ላይ «እስከ ስንት ይቆጥራሉ» የሚለው ጥያቄ ይቅር፤ በምትኩ «ሰባት ስጪኝ ሲባሉ ሰባት ይሰጣሉ ወይ» የሚል ይግባ። አምስት ልጅ በዘፈቀደ መርጦ ለመጠየቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጥያቄው ከተለወጠ ማስተማሩ ራሱ ይለወጣል። መምህርም እንደ ተማሪው የሚጠየቀውን ነው የሚያጠናው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ደስ ብሎናል። መመዘኛው ካልተነካ ግን ሁለተኛው ዓመት ዜማውን ከመቶ ወደ ሁለት መቶ ያደርሰው እንደሆነ ነው እንጂ።

«ማስተማሪያ የለም» እንደሚባል አውቃለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ወንበርና መጽሐፍ ያጡ ትምህርት ቤቶች በዚህ አካባቢ ብዙ ናቸው፤ እሱን አልክድም። ለዚህ ሥራ ግን ወንበር ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፣ ወለል ላይ ነውና የሚሠራው። እኔ በጣም የምወደው የእንቁላል ትሪን ነው። ሠላሳ ጉድጓድ አለው፤ አምስት አምስት እየሆነ ስድስት ረድፍ። በየሁለት ረድፉ ሲቆረጥ ሦስት ባለ አሥር ይወጣዋል። ልጅቱ ስምንት ቆርኪ አስገብታ ሁለት ጉድጓድ ባዶ ስታይ፣ ስምንት ከአሥር በሁለት እንደሚያንስ ማንም ሳይነግራት አወቀች ማለት ነው። ትሪውን ሱቅ ለምኜ በነፃ ነው የማመጣው።

ቤት ውስጥም ሞልቷል። ቡና ሲፈላ ልጅቱ ሲኒ እንድታቀርብ ትታዘዝ፤ ለአያት አንድ፣ ለጎረቤት አንድ፣ እያለች። ሲኒው ተርፎ ወይ ጎድሎ ስታገኘው የምትማረውን ሰሌዳ አያስተምራትም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ራሱ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ነው። ገበጣም አለ፦ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣሉ መዞር። አያቶቻችን ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ማንም «ሒሳብ ነው» አላላቸውም።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማ ያሉ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እንድትል ገንዘብ ከፍለው ያስተምራሉ። እንግሊዝኛውን አልጠላም፤ ለጀማሪ ልጅ ግን የአማርኛው ቁጥር ቀሎ የተሠራ ነው። «ኢለቨን» አሥርም አንድም እንዳለበት አይናገርም። «አሥራ አንድ» ግን ምስጢሩን አፍ አውጥቶ ይናገራል። ሠላሳ ከሦስት፣ አርባ ከአራት፣ ሃምሳ ከአምስት ጋር ዝምድናቸው ይሰማል፤ ሃያ ብቻ ናት ባይተዋር። ልጆች ሃያ ዘጠኝ ካሉ በኋላ «ሃያ አሥር» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ እዚያ ላይ አልቆጣም፤ ሕጉን ይዘው ነው የተሳሳቱት። አሥሩን ቆርኪ በላስቲክ አስሬ ከሁለቱ እስሮች አጠገብ አስቀምጥና «አሁንስ ስንት እስር ሆነ?» እላለሁ። «ሦስት!» ይላሉ። ሠላሳ የምትባለዋ ያን ጊዜ ትመጣለች።

ያቺ ልጅ አሁን ሰባት ትሰጠኛለች። ስድስት ሳምንት ፈጀባት። አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው ማስተማሩ አልነበረም፤ ዜማውን ቀስ ማስባሉ ነበር። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ልጆች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ሳምንት የለኝም። ኦ ክፍል የሚገባው ይህን እንዲሠራልኝ ነው።

ቅጹን ከመለወጣችሁ በፊት መጥታችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። ምንም ይዛችሁ አትምጡ፣ ጠጠሩ ከበር ላይ አለ። የገበያ ቀን ብቻ ባይሆን፤ በዚያን ዕለት ግማሾቹ ከእናቶቻቸው ጋር ሽንኩርት ሲመድቡና መልስ ሲቆጥሩ ነው የሚውሉት፣ ቀሪ ብዬ ምልክት ባደርግባቸውም አልቀየማቸውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት
ተሁለደሬ፣ ደቡብ ወሎ