ቤርቤሪኑ የተሰጠው ከኮሎኖስኮፒ በኋላ ነው

ይድረስ ለጤና ዓምድ አዘጋጅ፣

ስለ ቻይና ባህላዊ መድኃኒት፣ ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰር ያወጣችሁትን፣ ቤርቤሪን በሚባል የቻይና መድኃኒት ላይ የተሠራ ጥናት የጠቀሳችሁበትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ጽሑፉ በቴሌግራም ስለዞረ ደንበኞቼም አንብበውታል። ከዚያ ወዲህ «ያ የቻይናው ቅጠል አላችሁ?» የሚለኝ ሰው አላጣሁም። አሜሪካ ያለች ልጃቸው የላከችላቸውን የቤርቤሪን ብልቃጥ ይዘው መጥተው «ይሄ ነው እንዴ?» ያሉኝ እናትም አሉ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ልክ የጻፋችሁትን ልመስክር። ቤርቤሪን ቀልድ አይደለም። ቻይናዎች ሁዋንግሊያን ከሚሉት መራራ ተክል የሚገኝ ቢጫ ንጥረ ነገር ነው። እዚያ ዛሬም የተቅማጥ ክኒን ሆኖ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። እናንተ የጠቀሳችሁት ጥናትም ትልቅ ጥናት ነው። የሻንጋዩ ፕሮፌሰር ፋንግ ጂንግዩዋንና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ያተመላቸውም የታወቀው ላንሴት የሚያሳትመው የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት መጽሔት ነው። በስድስት የቻይና ክፍላተ ሀገር ባሉ ሰባት ሆስፒታሎች 1,108 ሰዎች ተካፈሉ። ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 0.3 ግራም ቤርቤሪን ወሰዱ። ሌሎቹ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቁም ነበር። በሁለት ዓመት ክትትል ፖሊፕ፣ ማለትም በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት፣ እንደገና የበቀለባቸው ከቤርቤሪኑ ወገን 36 በመቶ፣ ከሌላው ወገን 47 በመቶ ሆኑ። የጎንዮሽ ጉዳት ከተባለም በብዛት የታየው ድርቀት ነው፤ እሱም ቤርቤሪን ከወሰዱት አንድ በመቶ ያህሉን ብቻ ነው የነካው። እሰየው የሚያሰኝ ውጤት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? እነዚህ ሰዎች እነማን እንደነበሩ አልጻፋችሁም። ሁሉም ኮሎኖስኮፒ ተደርጎላቸው ነበር። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ገብቶ አንጀታቸው ታይቷል፤ የተገኘው ፖሊፕ በሙሉ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ላቦራቶሪም ሄዶ ተመርምሯል። አብዛኛው ፖሊፕ ምንም አያደርግም። አንዳንዱ ግን ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ያንን አደገኛ ነገር ያስወገደው ቤርቤሪኑ ሳይሆን ሐኪሙ ነው። ክኒኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራውም አዲስ ፖሊፕ እንዳይበቅል ማገዝ ነበር። ከወሰዱትም ከመቶ 36ቱ ላይ በቅሏል።

ሌላም የዘለላችሁት አለ። በክትትሉ ጊዜ ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው ላይ የአንጀት ካንሰር አልተገኘም። ስለዚህ ጥናቱ ቤርቤሪን ካንሰርን ይከላከላል ወይ የሚለውን በቀጥታ ሊመልስ አይችልም። ያድናል ማለትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ርዕሳችሁ ላይ ግን «ካንሰር» የሚለው ቃል በትልቁ ነው የተጻፈው።

ወደ ባክቴሪያው ልምጣ። ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም የሚባለው ባክቴሪያ ቤቱ አፋችን ውስጥ ነው፤ የጥርስ ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካና የካናዳ ሁለት ቡድኖች ይህ ባክቴሪያ በትልቁ አንጀት ዕጢዎች ውስጥ ከጤናማው የአንጀት ክፍል ይልቅ በብዛት እንደሚገኝ አሳዩ። በ2015 ደግሞ የሻንጋዩ ቡድን ቤርቤሪን የዚህን ባክቴሪያ ጉዳት እንደሚቀንስ ጻፈ። ነገር ግን አይጥ ላይ ነው። እናንተ «አይጥ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ ነው ያነሳችሁት። በሰው ላይ ፖሊፕ እንዲቀንስ ያደረገው በእርግጥ ባክቴሪያውን በመምታቱ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ያስፈራኝን ልናገር። በ2017 ቦስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት ይህ ባክቴሪያ ያለበት የሰው ዕጢ ለተተከለባቸው አይጦች ባክቴሪያውን የሚገድለው ሜትሮኒዳዞል ሲሰጥ የዕጢው እድገት እንደቀነሰ አሳይቷል። ሜትሮኒዳዞልን በአገራችን የማያውቅ የለም። ሆዱን ቆረጥ ባደረገው ቁጥር አሜባ ነው ብሎ የሚውጠው ብዙ ነው። ያንን ጥናትም በዚሁ አጻጻፍ ብታወጡት ማግስቱን ፋርማሲያችን በር ላይ ሰልፍ ይሆናል። የአይጡ ዜና እኛ ጋ ሲደርስ ማዘዣ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ከሁሉ የምወደውን ታሪክ ደግሞ ጭራሽ አላነሳችሁትም። ለአንጀት ካንሰር ከሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች አንዱ ኢሪኖቴካን ነው። ሰውነት ሥራውን የጨረሰውን መድኃኒት ጉበት ውስጥ አስሮ፣ ጉዳት እንዳያደርስ አድርጎ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይልከዋል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ደግሞ በኢንዛይማቸው ጉበት ያሰረውን ይፈቱታል። መድኃኒቱ እንደገና ነፍስ ይዘራና የአንጀትን ግድግዳ ያቃጥላል። ብዙ ታካሚ በከባድ ተቅማጥ የሚሰቃየው በዚህ ነው። የየል ዩኒቨርሲቲው ዩንግ ቺ ቼንግ ቻይና ውስጥ ለተቅማጥ ሲሰጥ 1,800 ዓመት ያህል የቆየ፣ ከአራት ዕፅዋት የሚቀመም መድኃኒት አንስተው ፈተሹ። በ2010 ባወጡት ጥናት በአይጦቹ አንጀት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀነሰ፤ የኬሞው ጉልበት ግን አልተዳከመም። ይሄም የአይጥ ነው፤ መቼም እኔም ራሴ እንዳልረሳው! ግን ባህላዊ መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሳይጣላ ጎን ለጎን ሊሠራ እንደሚችል ይጠቁማል። እንዲህ ያለውን ብትጽፉልን ምን ነበረበት?

ስለ ብልቃጡ ጉዳይ አጭር ነገር ልበል። በጥናቱ የተሰጠው መጠኑ የታወቀ ክኒን ነው። ከውጭ ዘመድ የሚልከው ብልቃጥ የሚሸጠው በምግብ ማሟያ ስም ነው፤ ውስጡ ምን ያህል እንዳለ የሚያረጋግጥልን የለም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቤርቤሪን ሲጨምርበት ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ኩላሊት ተተክሎለት ሰውነቱ እንዳይገፋው ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ያደርገዋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ አይወስዱትም፤ የሕፃኑ ቆዳና ዓይን ቢጫ የሚሆንበትን ሕመም ሊያብስ ይችላል። «ተፈጥሮ ነው» የሚለው አያድንም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ለክብደት መቀነሻ የቻይና ዕፅ ይሰጥ ነበር። አንዱ ዕፅ በስም በሚመስለው፣ አሪስቶሎኪያ በሚባል መርዛማ ዕፅ ተተካ። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ። አንዳንዶቹ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው።

አሁን ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ለምን እንደፈለጉት ስጠይቃቸው ሰገራቸው ላይ ደም ካዩ ወራት እንደሆነ ነገሩኝ። ኪንታሮት ነው ተብለው ቅባት ሲቀቡ ነው የከረሙት። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ግን ሳይታይ አይታወቅም። በየመንገዱ «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እንነቅላለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ደም፣ የሰገራ መለዋወጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የደም ማነስ የታየበት ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምርመራ ነው። እኚህን እናት ብልቃጡን እንዲያስቀምጡ ነግሬ ወደ ሐኪም ልኬያቸዋለሁ። ጽሑፋችሁን ያነበበ፣ ግን ፋርማሲ ያልመጣ ሌላ ሰው ምን እንዳደረገ ግን አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው መጠን፣ በጥናቱ የተካፈሉት ሰዎች ሁሉ አስቀድመው ኮሎኖስኮፒ ተደርጎላቸው ፖሊፓቸው የወጣላቸው እንደነበሩ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ኮሎኖስኮፒ የት የት እንደሚሠራ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ወረፋው ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደምን የሚያሳየው ርካሽ ምርመራ የት እንደሚገኝ አጣርታችሁ አውጡ። ለክፍለ ሀገር አንባቢ በተለይ ይጠቅማል፤ አገልግሎቱ ያለው በጥቂት ከተሞች ስለሆነ። መረጃውን በማሰባሰብ እኔም ላግዛችሁ ፈቃደኛ ነኝ፤ አድራሻዬ እናንተ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ