ለወደቁ በራሪዎች ቤተሰቦች ስለሚሰጥ የክብር ምልክት

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዕዝ ከተሰለፉት 125,000 ያህል በራሪዎች 55,573ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለዚህ አገልግሎት የተለየ ምልክት የተፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት እጅግ የዘገየ ነው፤ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች፣ ቀብር እንኳ ያላገኙትም ጭምር፣ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ምልክቱ «1939–1945 ኮከብ» በተባለው የጦርነቱ ሜዳሊያ ጥብጣብ ላይ የሚያያዝ ጠባብ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ የሟች የቅርብ ዘመድ ለብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር በማመልከት ሊረከበው ይችላል። ስለሆነም የሚመለከታችሁ አባላት የሟቹን ሙሉ ስም፣ የወታደር መለያ ቁጥሩንና ዝምድናችሁን የሚያስረዳ ማስረጃ አስቀድማችሁ እንድታሰባስቡ እናሳስባለን። መለያ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በበረራ መዝገቡ ወይም ለቤተሰቡ በተላከው የመርዶ ደብዳቤ ላይ ይገኛል።