ደብዳቤ ለልጄ፦ ከሪዞርቱ ወጣ በይ

ሚጡዬ የኔ እናት፣ እንዴት ዋልሽ? የዛንዚባር ፎቶዎችሽን አየኋቸው፣ ባህሩም አሸዋውም በጣም ያምራል፣ ፊትሽም ፈክቷል ተመስገን። ግን ሁሉም ፎቶ ላይ ያው ፑል ያው ቡፌ ነው። ስልክ ላይ ብነግርሽ "እሺ እማ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ ብዬ ነው አራት ኪሎ ቤቴ ቁጭ ብዬ እንዲህ ረዘም አርጌ የምፅፍልሽ።

ያለሽበት ኑንግዊ ለመዋኘት ጥሩ ነው፣ መስሪያ ቤት ለስልጠና የላከኝ ጊዜ እኔም አይቼዋለሁ። ዛንዚባርን ዛንዚባር ያደረጋት ግን ስቶን ታውን ነው፣ ያቺ አሮጌዋ ከተማ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 የመዘገባት። ከጓደኞችሽ ጋር መኪና ተጋርታችሁ ሂዱ፣ ከተቻለ አንድ ሌሊት እደሩ ምክንያቱም ጠዋትና ማታዋ ሌላ ነው። ሰዉ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ትከሻና ጉልበትሽን ሸፈን አርጊ፣ ነጠላ ነገር ያዢ።

ምሳ ሉክማን የሚባል ቤት ብዪ፣ ምኩናዚኒ ሰፈር ነው፣ የሀገሬው ሰውም ቱሪስቱም ይበላበታል። ምግቡ ተደርድሮ እያየሽ ይሄን ይሄን ብለሽ ታስወጫለሽ፣ ፒላው የሚሉት በቅመም የተሰራ ሩዝ አለ፣ በኮኮናት ወተት የተሰራ ኦክቶፐስ አለ፣ ረቡዕና አርብ ከሆነ ደሞ ቦሎቄ በኮኮናት ጠይቂ፣ ከሩዝ ጋር ጾምሽን በደንብ ያጠግብሻል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ኡሮጆን ነው። ቢጫ ወፈር ያለ ሾርባ ነው፣ በእርድ ቀለም ይዞ በማንጎና በሎሚ ኮምጠጥ ያለ፣ ውስጡ የተቀቀለ ድንችና ባጂያ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ይገባበታል፣ ከላይ የካሳቫ ችፕስ ይበተንበትና የኮኮናት ማባያና የሚያቃጥል በርበሬ ጣል ይደረግበታል፣ ችፕሱ ሳይርስ ቶሎ ቶሎ ነው የሚበላው። መንገድ ላይ ነው የሚሸጡት፣ ሰው የበዛበት ጋ ሄደሽ ብዪ።

ማታ ፎሮዳኒ ነው። ባህሩ ዳር ያለች መናፈሻ ናት፣ ሲመሽ ጠረጴዛ ተዘርግቶ አሳው ስጋው በእንጨት ተሰክቶ ይደረደራል፣ ሸንኮራ አገዳ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር እየጨመቁ ይሸጣሉ፣ ዛንዚባር ፒዛ የሚሉት ደሞ ስስ ሊጥ ውስጥ ስጋ ሽንኩርት እንቁላል ከተው አጥፈው ፊትሽ የሚጠብሱት ነው። እሳት ላይ ሳያወጡት ዋጋውን ጠይቂ እሺ? ተጠብሶ የቆየውንም ተዪው፣ ሲጠበስ ያየሽውን ብቻ ብዪ።

አሁን ወደ ስዕሉ ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ያስፃፈኝ እሱ ነው። በየሱቁ በደማቅ ቀለም የተሳሉ ቀጭኔዎች፣ ዝሆኖችና ወፎች ታያለሽ፣ ቲንጋቲንጋ ይባላል። ኤድዋርድ ሳይዲ ቲንጋቲንጋ የሚባል ሰው ነው ዳሬሰላም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 አካባቢ የጀመረው፣ ስስ የእንጨት ሰሌዳ ላይ በሳይክል ቀለም ነበር የሚስለው፣ ወዲያው በ1972 ፖሊስ በስህተት ተኩሶ ገደለው። አስቢው፣ የሳለው ለጥቂት አመት ብቻ ነው፣ ግን ዘመዶቹና አብረውት ይሰሩ የነበሩት ልጆች ቀጠሉበትና ዛሬ የሀገር መታወቂያ ሆኗል። ታዲያ እዚህ ቸርችል ላይ ባሉት የባህል እቃ ሱቆች የንግስተ ሳባ ታሪክ በየግድግዳው አንድ አይነት ሆኖ እንደሚሰቀለው እዛም መቶ ጊዜ የተቀዳ አለ። የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያየሽውን እንዳትገዢ። ጠባቧ መንገድ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚስል ልጅ ፈልጊና ቆመሽ እዪው፣ ነጠብጣቧን እንዴት አንድ በአንድ እንደሚያስቀምጣት፣ ከዛ የትኛውን አንተ ሳልከው ብለሽ ጠይቂው። አለ ፈለገ ሰላም የስነጥበብ ትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ይዤሽ ስሄድ ሰአሊውን በጥያቄ ታፋጥጪው አልነበር? እንደዛው አርጊ። ብሩም በቀጥታ ለሰራው ሰው ይድረስ፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

በሮቹንም ቀና ብለሽ እዪ፣ እንጨቱ ተፈልፍሎ አበባና ሰንሰለት ተቀርፆበታል፣ አንዳንዱ ላይ ሹል የናስ ጉጦች አሉ፣ እሱ ከህንድ የመጣ ነው፣ ከላይ የቁርአን ቃል የተቀረፀበትም አለ።

አንድ ቦታ ግን ብቻሽንም ቢሆን ሂጂ። የአንግሊካን ካቴድራሉ የቆመው ድሮ ባሪያ ይሸጥበት የነበረው ገበያ ላይ ነው፣ ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ግቢው ውስጥ ክላራ ሶርናስ የምትባል ስዊድናዊት የሰራችው ሀውልት አለ፣ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ ሰዎች። እኔ እዛ ጋ እግሬ አልሄድ ብሎኝ ነበር። ሴልፊ አትነሺ እዛ፣ ዝም ብለሽ ፊታቸውን እዪ።

ስዕል ከገዛሽ ሸራ ላይ የተሳለውን ምረጪ፣ ፍሬም አታስገቢ፣ ጠቅልሎ ካርቶን ቱቦ ውስጥ እንዲከትልሽ ንገሪውና ሻንጣ ሳይሆን በእጅሽ ይዘሽው ግቢ። ስሙን ከጀርባው ይፃፍልሽ። ፍሬሙን እዚሁ እናሰራዋለን። ብር ካጠረሽ ቶሎ ንገሪኝ።

እማ