እኔ እስክመጣ አትሩጪበት

የኔ እህት፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ድምፅሽን ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። እናትሽ ሲያርፉ አዳማ ድረስ አልመጣሁም። በስልክ እንኳ "እግዜር ያጥናሽ" አላልኩሽም። ያኔ እግሬ ተጎድቶ በክራንች ነበር የምሄደው፤ መደወል ግን እችል ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሳልስቱ አለፈ፣ አርባውም አለፈ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልደውል? እኔንም ያጎረሱ እናት ናቸው። ይቅር በይኝ።

አሁን የጻፍኩልሽ ትናንት ታናሽ እህትሽን ፒያሳ አግኝቻት ነው። "ጉልበቷን ስላመማት ሶሉ ስስ የሆነ የሩጫ ጫማ አስመጥታለች" አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እግሬን ጎድቶ ቤት ያስቀመጠኝ እሱ ነዋ!

አንቺ ከሐዋሳ ከሄድሽ በኋላ የኔም ጉልበት ያመኝ ጀመር። ሐይቁ ዳር ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ አንድ ልጅ "ችግሩ ጫማሽ ነው" አለኝ። እውነትም የለመድነው ጫማ ተረከዙ ከፊቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስሱ ግን ዜሮ ነው፤ ተረከዝና ጣት እኩል መሬት ላይ። ተጠቅልሎ እጅ ውስጥ ይገባል። ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ጣቶች እንደልባቸው ይዘረጋሉ።

የመጀመሪያውን ጠዋት አልረሳውም። ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ ወደ አሞራ ገደል ስሮጥ ጠጠሩ፣ አሸዋው፣ የሣሩ እርጥበት ሁሉ ተሰማኝ። ዝናብ ሲመጣ ኮንጎ ጫማችንን በእጃችን ይዘን በጭቃው ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የምንሮጠው ትዝ አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የለመድኩትን 8 ኪሎ ሜትር በዚያው ሳምንት ሮጥኩ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። በወፍራም ጫማ ብዙዎቻችን በተረከዝ ነው የምናርፈው። በስሱ ተረከዝ ሲመታ ስለሚያም፣ እግር ራሱ በፊቱ ወይም በመሃሉ ማረፍ ይጀምራል። ያኔ የጉልበት ጫና ይቀንሳል፤ ግን የትም አይጠፋም። ወደ ባት፣ ወደ ተረከዝ ጅማትና ወደ እግር ትንንሽ አጥንቶች ይሄዳል። ጉልበቴ ወዲያው ሲሻለኝ "ዳንኩ" አልኩ። ባቴ ግን ደረጃ መውረድ እስኪያቅተኝ ድረስ ተያዘ። ጡንቻ በሳምንታት ይለምዳል፤ አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በአምስተኛው ሳምንት የእግሬ ላይኛው ክፍል አበጠ። ወጌሻ አሸኝ፤ ባሰበት። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ኤክስሬይ ተነሳሁ። "ምንም የለሽም" ብለው ሸኙኝ። ተደጋጋሚ ጫና የሚያመጣው የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት በኤክስሬይ ላይታይ ይችላል። "ካልተሻለሽ ተመለሺ" ቢሉኝ ምን ነበረበት? እስካሁን ያናድደኛል። ስንጥቁ የታየው በሌላ ቦታ፣ በሁለተኛው ኤክስሬይ ነው። የእናትሽን ዜና የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነበር።

ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ጠያቂው ሁሉ "አበበ ቢቂላ እኮ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው" ይለኛል። እውነት ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ግን ያ እግር በባዶው መሮጥ የለመደ እግር ነው። ደግሞም በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሦስት ደቂቃ ያህል አሻሽሎ ገብቷል። ጀግናው አበበ ነው፤ ጫማ ማድረጉም አለማድረጉም አይደለም።

ግን ጫማውን አልጣልኩትም። እወደዋለሁ። ስድስት ሳምንት አርፌ እንደ አዲስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በባዶ እግሬ መሄድ ብቻ። ከዚያ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ ማድረግ። ከዚያ ሣር ላይ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ። ረጅሙን ሩጫ በአሮጌው ጫማ እሮጥ ነበር። ትንሽ ሲያመኝ አቆማለሁ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። አሁን በስሱ 6 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ ጉልበቴም ደህና ነው።

ስለዚህ አደራሽን፣ አሮጌውን ጫማ ለሰው እንዳትሰጪ። አዲሱን ቤት ውስጥ እያደረግሽ ተንጎራደጂበት እንጂ አስፋልት ላይ አትውጪበት። የእግርሽን ላይኛው ክፍል በጣትሽ ስትጫኚው አንድ ቦታ ላይ ካመመሽ ደግሞ ሩጫውን አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። መጀመሪያ እናትሽ ያረፉበት ውሰጂኝ። እሑድ ጠዋት ሜዳ እንፈልጋለን፤ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ። የቀረብንን ወሬ በእርምጃው ላይ እናወራዋለን።

ያንቺው
ከሐዋሳ