ከ3ኛ ክፍል ማንበብ ሳይችል የሚያልፍ ልጅ እንዳይኖር

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቢቸና፣ ምሥራቅ ጎጃም

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የዘንድሮውን ግባችንን ስለማሳወቅ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ አልፎ አዝመራው እያማረ በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ አንድ ግብ ይዟል። በሰኔ ወር ከ3ኛ ክፍል የሚያልፍ ልጅ ሁሉ፣ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን አንድ ገጽ አማርኛ አንብቦ ምን እንደሚል በራሱ አነጋገር ያስረዳል። «አብዛኛው ልጅ» አላልንም፤ ሁሉም ነው ያልነው።

በየዓመቱ የምናዘጋጀው ዕቅድ «የተማሪዎችን ውጤት ከዚህ በመቶ ወደዚህ በመቶ ማሳደግ» የሚል ዐረፍተ ነገር አጥቶ አያውቅም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ሰኔ ላይ ሪፖርቱ «በአብዛኛው ተሳክቷል» ይላል፣ ሰነዱም መደርደሪያ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ማንንም አያስቆጣም፣ የማንንም እንቅልፍ አይነሣም። የማልወደውም ለዚሁ ነው።

አዲሱን ግብ ለመምህራን ሳቀርብ ክርክሩ የጦፈ ነበር። በሥራው ረጅም ዘመን የቆዩ፣ እኔም የማከብራቸው አንድ መምህር «ሁሉም ማለቱ ይቅር፤ ሰማንያ በመቶ እንበል፤ ካልሞላ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን» አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን ሰማንያ ካልን፣ የሚቀሩት ሃያዎቹ እነማን እንደሆኑ ዛሬውኑ እናውቃለን። አንዱ ከብት ስለሚጠብቅ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚመጣው ልጅ ነው። ሌላዋ ከአያቷ ጋር የምትኖረው፣ ከኋላ ተቀምጣ ድምጿ የማይሰማው ልጅ ናት። በክልላችን ትምህርት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት የተማረውን የረሳና አሁን ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ የሚያሳፍረውም አለ። ሰማንያ በመቶ የሚል ግብ እነዚህን ልጆች ገና በጥቅምት ያሰናብታቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩን አልቀነስነውም። እኚሁ መምህር ዘንድሮ 3ኛ ክፍልን ያስተምራሉ፤ ክርክራቸውን ግን አላቆሙም።

መስከረም ላይ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳስነብብ፣ አንዱ የመማሪያ መጽሐፉን ገልጦ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ አንበለበለልኝ። ጣቱ መስመሩን ጨርሶ ቆሟል፤ አፉ ግን ቀጥሏል። ገጹን በእጄ ሸፈንኩት፤ አሁንም ቀጠለ። ከሌላ መጽሐፍ አጭር ታሪክ ስሰጠው ደግሞ «ይህን አልተማርነውም» አለኝ። መጽሐፍ ሙሉ በቃሉ የያዘ ልጅ ሰነፍ ሊባል አይችልም። ማንበብ ግን ገና አልጀመረም።

አገር አቀፉን ውጤት ሰምታችኋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሰዋል። ሰው ሁሉ ምክንያቱን እዚያው 12ኛ ክፍል ሲፈልግ እሰማለሁ። እኔ የምፈልገው ከታች ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ ሲደረግ ቆይቷል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሕፃን እየወደቀ ትምህርት እንዳይጠላ ነው። ፊደል ሳይለይ 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ በሳይንሱም በሒሳቡም ጥያቄውን ማንበብ ስለሚያቅተው ይወድቃል።

የቤተ ክህነት ትምህርት የሚሰጥበት የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ቅርባችን ነው፤ ከእናንተም መካከል የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠራችሁ ብዙ ናችሁ። የኔታ ስንት ዓመት ተቀመጠ ብለው ልጅ አያሻግሩም። መልእክተ ዮሐንስን ቁጥር፣ ግዕዝና ውርድ ንባብ በሚባሉት የንባብ ደረጃዎች ሳይለይ ዳዊት አያስይዙትም። አንዱ በወራት የሚጨርሰውን ሌላው ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ የሚጠበቅባቸው ግን አንድ ነው። ወደ ትምህርት ቤታችን ላመጣ የፈለግሁት ይህን ጥብቅነት ነው፤ አርጩሜውን አይደለም።

ግብ ማውጣት አይከብድም፤ የሚከብደው ለግቡ ሲባል የሚቀረውን ነገር መምረጥ ነው። እንደ ልማዱ ጠንካራ የሚባሉት መምህራን ክልላዊ ፈተና ላለበት ለ8ኛ ክፍል ይመደባሉ፤ አዲስ ተቀጣሪው ለትንንሾቹ ይሰጣል። ዘንድሮ ከ8ኛ ክፍል መምህራን ሁለቱን ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል መድበናል። የ8ኛ ክፍል ወላጆች ቅር መሰኘታችሁን አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ በግልጽ ነግራችሁኛል። ለልጆቻችሁ ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት አዘጋጅተናል፤ የጎደለውን ሁሉ ይሞላል ግን አልልም። የጠዋቱን የሰልፍ ንግግርም አስቀርተናል። መዝሙሩ እንዳለቀ ልጆቹ ክፍል ይገባሉ፤ የእኔ ምክር ቢቀርባቸው አይጎዱም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ንባብ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት መምህር ለስብሰባ አይጠራም።

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ እያንዳንዱ ልጅ ያላየውን ግማሽ ገጽ ክፍሉን ለማያስተምር መምህር ያነባል። ማርክ የለም። ፊደል የሚለይ፣ ቃል የሚያነብ፣ አንብቦ የሚያስረዳ ብለን በሦስት ረድፍ እንመዘግባለን። የልጅ ስም አይለጠፍም፤ በየረድፉ ስንት ልጆች እንዳሉ ግን ቢሮዬ በር ላይ ይለጠፋል። በገና የመጀመሪያው ረድፍ ባዶ መሆን አለበት፤ በሰኔ ሁሉም በሦስተኛው መገኘት አለባቸው። መሀል ላይ ወደ ኋላ ከቀረን የምንለውጠው አካሄዳችንን ነው፤ ቁጥሩን አይደለም። ከሰከላ በሚነሣው ዓባይ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቦንድ የገዛችሁለት እንደምታስታውሱት ቀኑ ተራዝሟል፣ ተርባይኖቹም ከ16 ወደ 13 ተቀንሰዋል፤ ግድቡ ግን ቆሟል። እኛ አካሄዳችንን እንለውጥ እንጂ ቀኑን ማራዘም አንችልም፤ ልጆቹ በመስከረም 4ኛ ክፍል ይገባሉ።

ከእናንተ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፤ ልጅ ለሥራ እንደምትፈልጉት ገበሬ ቤት ያደግሁ በመሆኔ አውቃለሁ። የግድ ከሆነባችሁ የንባቡን ክፍለ ጊዜ ከጨረሰ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለመምህሩ ነግራችሁ ውሰዱት። ከዚያ በፊት ግን አትንኩብን። ማታ ቡና ሲፈላ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ማንበብ የማትችሉም «እኛ ምን እናውቃለን» አትበሉ፤ ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ታሪኩን ከነገራችሁ አንብቧል። ዝም ካለ፣ ወይም በየማታው ያንኑ ገጽ ከደጋገመላችሁ፣ ለመምህሩ ንገሩ። መጽሐፍ ቤታችሁ ከሌለ ልጆቹ ዓርብ ዓርብ ከቤተ መጻሕፍታችን አንድ አንድ ይዘው ይመጣሉ። ቢቀደድ አናስከፍልም፤ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ንጹሕ ከሚሆን ወጥ ነክቶት ቢመለስ እመርጣለሁ።

የመጀመሪያው ምዝገባ ኅዳር 8 ቀን ሰኞ ይለጠፋል። ስለ ልጃችሁ ለብቻችሁ ልትጠይቁ የምትፈልጉ በዕለቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ ታገኙኛላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር