የገና ዱላ የሚቆረጠው በኅዳር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ስለ ልጅነት ገና የሚጻፈው ናፍቆት ብዙ ነው፤ «አሲና በል አሲና ገናዬ»፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ መልስ የሚፈሰክበት ዶሮ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»። ናፍቆቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከበዓሉ ጋር ስም የሚጋራው ጨዋታ ከብዙ ሰፈር የጠፋው ልጆች ስለጠሉት አይደለም። ዱላውን እንዴት እንደሚሠሩት የሚያሳያቸው ታላቅ ስላጡ ነው።

ትልቁ ስሕተት ጊዜው ላይ ነው። ለበዓሉ ሳምንት ሲቀረው የተቆረጠ ዱላ እርጥብ ስለሆነ ይከብዳል፣ ሲለጉበትም ጉብጠቱ ይላላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ መቆረጥ አለበት። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ከ40 ቀን በላይ ስላለ እንጨቱ ቀስ ብሎ ይደርቃል። (በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ጾሙም በአንድ ቀን ይቀድማል።)

ወይራ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል። ችግኝ ግን አይነካ፤ ከሚገረዝ ዛፍ የወደቀ ቅርንጫፍ ይበቃል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከመሬት እስከ ልጁ ወገብ ይሁን። ተፈጥሮ ራሷ ያጎበጠችው እንጨት የጭረቱ መስመር ጉብጠቱን ተከትሎ ስለሚሄድ በቀላሉ አይሰበርም። ካልተገኘ ቀጥ ያለውን እርጥብ እንጨት ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ እያገላበጡ ማሞቅ ነው። እንፋሎት ሲወጣው በሁለት ግንድ መሃል አስገብቶ በቀስታ ማጉበጥ፣ ጫፉንም ከእጀታው ጋር በገመድ ማሰር። ልጣጩ አስቀድሞ ከተላጠ የውጭው ጎን ይሰነጠቃል፤ አንጓ ያለበት ቦታ ከጎበጠም እዚያው ይቀነጠሳል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ ያደረቁት እንጨት ውጩ ቀድሞ ስለሚኮማተር ይተረተራል። ገመዱ እስከ በዓሉ ዋዜማ አይፈታ።

በዱላው የምትለጋው ኳስ ሩር ስትሆን ከእንጨት፣ ጥንግ ስትሆን ከጠፍር ትሠራ ነበር። ለሕፃናት ግን ሁለቱም ቅልጥም ይሰብራሉ። ጨርቅ አጥብቆ ጠቅልሎ በሲባጎ እየቆላለፉ የልጅ ጡጫ ማሳከል ይሻላል፤ ላላ ብሎ የተጠቀለለ ግን ሦስት ጊዜ ሳይለጋ ይፈታል። ሜዳ ላይ አንዲት ሕግ ከሁሉ ትቀድማለች፦ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣም። የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ሩሯ ስትመጣ ሳይሆን ከኋላ የቆመው ልጅ ፊት ላይ ዱላ ሲያርፍ ነው።

ጨዋታው በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ስላለ የተጻፈ ደንብ አለው፤ የስፖርት መምህራን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በዓሉ የሥራ ቀን ላይ በሚውልባቸው አገሮች ያሉ ወላጆችም በቀጣዩ ቅዳሜ በአንድ መናፈሻ ሣር ላይ ሊያጫውቱ ይችላሉ፤ ዱላውን ግን ከልጆቹ ጋር ሆነው ይሥሩት፤ ልጅ በእጁ የሠራውን አይጥልም።

ዝግጅት ክፍሉን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ስለ ገና ጨዋታ የምታወጡትን ጽሑፍ ለበዓሉ ልዩ እትም አታቆዩት፤ ጾሙ ሳይገባ፣ በኅዳር መጀመሪያ አውጡት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ