ስለ ቸሮኪዎች «ነበሩ» ተብሎ የተጻፈው ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ ቸሮኪዎች የራሳቸው ጽሕፈት ያልነበራቸው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከምድራቸው ተነቅለው የጠፉ «የቀይ ሕንዶች ጎሳ» እንደነበሩ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ አንብቤያለሁ። ርዕሱን ማንሳታችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ ሕዝቦች በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አንባቢ የሚያመሳክርበት ሌላ ጽሑፍ በቀላሉ አያገኝም፤ ስሕተቱ እውነት መስሎ እንዳይቀር ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ «ጽሕፈት ያልነበራቸው» የሚለው ቃል ነው። ሴኮያ የሚባለው ቸሮኪ ብር አንጥረኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብም መጻፍም አይችልም። ነጮቹ በወረቀት አማካይነት ሲግባቡ ተመልክቶ፣ በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ምልክት ለማውጣት ሞከረ፤ ይህ ማለቂያ እንደሌለው ሲረዳ ቃላቱን ወደ ድምፅ ከፋፍሎ፣ ከብዙ ዓመታት ድካም በኋላ በ1821 የ86 ምልክቶች ፊደል አጠናቀቀ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት 85 ናቸው። የመጀመሪያዋ ተማሪው ትንሿ ልጁ አዮካ ነበረች። በማንም ቋንቋ ማንበብ የማይችል ሰው ለሕዝቡ ሙሉ ፊደል ሠርቶ ማስረከቡ በዓለም የጽሕፈት ታሪክ ውስጥ እጅግ ብርቅ ነገር ነው።

እንደ እኛው ፊደል ሁሉ በቸሮኪ ፊደልም አንድ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛል። እኛ ዘንድ ግን «ለ» ወደ «ሉ»፣ «ሊ» እና «ላ» ሲሄድ መልኩን ሳይለቅ በጥቂት ጭረት ይለያል፤ በቸሮኪ የ«ላ» ምልክት ከ«ሊ» ምልክት ጋር አንዳች የመልክ ዝምድና የለውም፤ ሁሉም ለየብቻው ይጠናል። ብዙዎቹ ምልክቶች የላቲን ሆሄ ቢመስሉም ድምፃቸው ሌላ ነው፤ «ዲ»ን የሚመስለው «አ»፣ «ደብሊው»ን የሚመስለው ደግሞ «ላ» ተብሎ ይነበባል። ይህም ሆኖ ፊደሉ ከሰው ወደ ሰው በፍጥነት ተዳረሰ፤ በ1825 የቸሮኪ መንግሥት በይፋ ተቀበለው፤ ሕዝቡም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በገዛ ቋንቋው ደብዳቤ መጻጻፍ ጀመረ።

ከዚያ ጋዜጣ መጣ። ፊደሉ በቦስተን በብረት ተቀርጾ፣ ጆርጂያ ውስጥ ወደምትገኘው የቸሮኪ ዋና ከተማ ወደ ኒው ኤኮታ ተጓጓዘ፤ የካቲት 21 ቀን 1828 «ቸሮኪ ፊኒክስ» በቸሮኪኛና በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። አዘጋጁ ኤልያስ ቡዲኖ የሚባል ቸሮኪ ነበር። የሁለት ቋንቋ ገጽ በእጁ ለቅሞ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ጫካማ አገር የዚያ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ምን ያህል እንደደከሙ ሳይነገረው ይገባዋል። ሕዝቡ ከአንድ ዓመት በፊት የራሱን ሕገ መንግሥት አጽድቆ ነበር፤ ጋዜጣው የዚህ መንግሥት ልሳን ሆኖ የጆርጂያ ግዛት መሬታቸውን ለመውሰድ የምታወጣውን ሕግ እየተከታተለ ይሟገት ነበር። በ1835 የጆርጂያ ዘብ ማተሚያ መሣሪያውን የወሰደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለ መፈናቀሉ የጻፋችሁት በመሠረቱ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ቸሮኪዎች ዝም ብለው አልተነዱም። ጉዳያቸው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1832 ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቸሮኪ ምድር ላይ ኃይል እንደሌለው ወሰነ፤ ውሳኔው ግን አላዳናቸውም። ጥቂት ሰዎች፣ ያሳዝናል ቡዲኖም ከእነርሱ አንዱ ነበር፣ መንግሥታቸው ሳይወክላቸው በ1835 መጨረሻ መሬቱን የሚያስረክብ ውል ፈረሙ። ዋናው አለቃ ጆን ሮስ ከ15,000 በላይ ፊርማ የያዘ የተቃውሞ አቤቱታ ቢያቀርብም፣ የአሜሪካ ሴኔት ለማጽደቅ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለጥቂት አግኝቶ ውሉን አጸደቀው። በ1838 እና በ1839 ወደ 16,000 የሚጠጉ ሰዎች በወታደር ተገደው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በበሽታ፣ በብርድና በረኃብ 4,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። «የእንባ መንገድ» የተባለው ይህ ነው።

አልጠፉም ግን። የተረፉት ዛሬ ኦክላሆማ በምትባለው ግዛት ታሌኳን ዋና ከተማቸው አድርገው ምክር ቤታቸውን፣ ፍርድ ቤታቸውንና ትምህርት ቤታቸውን እንደገና አቆሙ። በተራሮች ውስጥ የቀሩት ደግሞ እስከ ዛሬ በሰሜን ካሮላይና ይኖራሉ። አሁን በፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና ያላቸው ሦስት የቸሮኪ መንግሥታት አሉ፤ ትልቁ ብቻውን ከ450,000 በላይ ዜጎች አሉት። ከ1985 እስከ 1995 የዚህ መንግሥት ዋና አለቃ የነበረችው ዊልማ ማንኪለር በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ስለዚህ መላውን ሕዝብ «ጎሳ» ማለት አይስማማኝም። ጎሳ የሚለው ቃል የሚገባው በውስጣቸው ላሉት እንደ ተኩላ፣ አጋዘንና ወፍ ላሉት ሰባት ክፍሎች ነው፤ በእነርሱ ሥርዓት ልጅ ጎሳውን የሚወርሰው ከእናቱ ነው።

ጽሑፋችሁ ቸሮኪን በ«ደም» ብቻ መተርጎሙ ሌላው ያልተቀበልኩት ነጥብ ነው። በትልቁ መንግሥት ዜግነት የሚገኘው የደም ድርሻ ተቆጥሮ ሳይሆን፣ ከ100 ዓመት በፊት ዶውስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን ባዘጋጀው የሕዝብ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ሰው መወለድን በሰነድ በማረጋገጥ ነው። በዚህ ውስጥ መራራ ታሪክም አለና መሸሸግ የለበትም። ከመፈናቀሉ በፊት ሀብታም ቸሮኪዎች አፍሪካውያንን በባርነት ይገዙ ነበር፤ ባሮቹም የእንባውን መንገድ አብረው ተጉዘዋል። በ1866 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው ውል ነጻ ለወጡትና ለዘሮቻቸው የቸሮኪን ሙሉ መብት ሰጠ፤ የዶውስ መዝገብ ግን በተለየ ዝርዝር ስላሰፈራቸው በ2007 ሕዝበ ውሳኔ ከዜግነት እንዲወጡ ተደረገ። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2017 መብታቸውን አጸና፤ በ2021 ደግሞ የቸሮኪዎቹ የራሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በደም» የሚሉትን ቃላት ከሕገ መንግሥቱ አስወጣ። አንድ ሕዝብ በገዛ ፍርድ ቤቱ ቆሞ «እኛ ማን ነን?» ብሎ እንዲህ ሲከራከር «ጠፋ» ብሎ መጻፍ በደል ነው።

በእርግጥ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት አንድ ነገር አለ፤ ቋንቋው። አፋቸውን የፈቱበት ተናጋሪዎች ወደ 2,000 ዝቅ በማለታቸው፣ ሦስቱ መንግሥታት በ2019 ለቋንቋቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀዋል። ታሌኳ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ ሕፃናት በቸሮኪኛ ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ፤ የመንገድ ምልክቶችም በሴኮያ ፊደል ይጻፋሉ።

በሚቀጥለው እትም ማረሚያ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ «ቀይ ሕንዶች» የሚለውም «የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች» ተብሎ ይተካ። ከተቻለ ደግሞ ራሳቸውን የሚጠሩበትን «ጻላጊ» የሚለውን ስም በራሳቸው ፊደል አትሙልን፤ «ጂ»ን፣ «ደብሊው»ንና «ዋይ»ን የሚመስሉ ሦስት ምልክቶች ናቸው። የእነርሱና የእኛ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ውስጥ የገቡት በአንድ እትም፣ በ1999 ስለሆነ፣ ገጽ የሚያዘጋጀው ባልደረባችሁ በኮምፒዩተሩ ላይ አያጣቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚ፣ አዲስ አበባ